የሱሉልታው ነጻ ሕክምና፦ ለዓይን ሂዱ፣ ለደም ብዛት ግን አትመኩበት

ከውጭ የሚመጣው የክርስቲያን ሚሲዮን የሕክምና ቡድን ዘንድሮም ሱሉልታ አካባቢ ድንኳኑን ተክሎ ነበር። አክስቴን ይዤ ሄጄ እዚያው ዋልኩ። «እውነት ይረዳሉ ወይስ ፎቶ ተነስተው ነው የሚሄዱት?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልጻፍ። ሁለቱም አለበት።

ዓይን ላይ ጎበዞች ናቸው፤ ይህን ማንም አይክዳቸውም። ዕድሜ ከአርባ ሲያልፍ ቅርብ ያለ ነገር እየደበዘዘ ይሄዳል። ጠብታ አያሻውም፣ የማንበቢያ መነጽር ይበቃዋል። ግን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚኖር ገበሬ ይህን ከማን ይሰማል? አክስቴ ምስር ስትለቅም ጠጠሩን የምታገኘው በጣቷ እየዳበሰች ነበር። አንዷ ፈረንጅ መነጽር እያቀያየረች ስታስሞክራት ቆየችና አንዱ ልክ ሲሆንላት «ውይ! እጄ እንዲህ ተጨማዷል እንዴ?» ብላ ድንኳኑን በሙሉ አሳቀችው። መነጽሩን ሰጥተው ሸኟት፣ አለቀ። ትራኮማ ሽፋሽፍታቸውን ወደ ውስጥ የቀለበሰባቸውን ደግሞ እዚያው እንቅደድ ሳይሉ፣ ይህን ቀዶ ጥገና የሠለጠኑ የእኛው ነርሶች ወዳሉበት ጤና ጣቢያ ላኳቸው። ይህ አስተዋይነት ነው።

ጥርስ ይነቅላሉ፣ አይሞሉም። ማደንዘዣው ጥሩ ነው፣ እጃቸውም ፈጣን ነው። ሌሊቱን ሲያቃስት ላደረ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ገና ሊሞላ የሚችል ጥርስ ያለው ወጣት ግን በነጻ ነው ብሎ ባያስነቅል ይሻለዋል።

ወረፋው ያው ወረፋ ነው። ቁጥር ይታደላል፣ ከዚያ የሚያውቁት ሰው ያለ ቁጥር ይገባል። የገረመኝ የአስተርጓሚው ነገር ነው። ከከተማ የመጡት ልጆች እንግሊዝኛና አማርኛ እንጂ ኦሮምኛ አይችሉም፤ ስለዚህ አንድ አባት የሆድ ሕመማቸውን ለጎረቤታቸው ልጅ፣ ልጁ ለአስተርጓሚው፣ አስተርጓሚው ለሐኪሙ እየነገረ፣ መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ እስኪደርሳቸው ሌላ ሁለት ሰው ይታከም ነበር። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እኮ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፋ ትናገራለች፣ የማን ቤት ማን እንደታመመም ታውቃለች። እሷን ሰልፍ ጠባቂ አድርገዋታል!

አሁን ወደ ሃይማኖቱ ልምጣ፣ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት እሱን ስለሆነ። ሃይማኖትህ ምንድነው ብሎ የጠየቀን የለም። ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም እኩል ታክሟል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። የጸሎት ድንኳኑን በሐኪሙና በመድኃኒት ማደያው መካከል ነው የተከሉት። «እማማ፣ እንጸልይልዎ?» ሲሏት አክስቴ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ እኔ ማርያም አለችኝ» ብላ አለፈች፤ እነሱም በፈገግታ አሳለፏት። ከኋላዋ የነበሩት ሴትዮ ግን እምቢ ካልኩ መድኃኒቱን ይከለክሉኛል ብለው ፈርተው ነው የተቀመጡት፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ድንኳኑን ከመውጫው በር አጠገብ ቢተክሉት ኖሮ የፈለገ ይገባል፣ ያልፈለገ ቤቱ ይሄዳል፣ ማንም አይሰጋም።

ዋናው ችግር ግን ደም ብዛትና ስኳር ላይ ነው። አክስቴ ግፊትሽ ከፍ ብሏል ተባለችና አምሎዲፒን ለአንድ ወር ሰጧት። በየቀኑ የሚዋጥ፣ አብዛኛውን ጊዜም ዕድሜ ልክ የሚቀጥል መድኃኒት ነው። ወሩ ሲያልቅስ? ፈረንጆቹ አገራቸው ገብተዋል፣ የምርመራ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ጤና ጣቢያው ስለእሷ የሚያውቀው ነገር የለም። የዓይን ሞራ ያለባቸው ሰዎችም የሪፈር ወረቀት ይዘው ከተማ ወርደው «ከጤና ጣቢያችሁ አጽፋችሁ ኑ» ተብለው ተመልሰዋል። ያ ሁሉ የመኪና ወጪ!

ሲስተር ጠባይዋ ጥሩ ነው፣ ሐኪሙ ትሑት ነው የሚል ምስጋና ከሌሎች ታካሚዎችም ሰምቻለሁ፣ እኔም እስማማለሁ። ክረምት አይሉ ብርድ፣ በራሳቸው ገንዘብ ትኬት ቆርጠው ነው የሚመጡት። ግን ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድም በ1959 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ ሲመጡ ለሦስት ዓመት ኮንትራት ነበር። ቀርተው በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ፣ እሳቸውም በ2020 እስኪያርፉ ኑሯቸው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር። ሁሉም እንደዚያ ይቅር አልልም፤ ሥራ አላቸው፣ ልጆች አሏቸው። ቢያንስ ግን የሕሙማኑን ዝርዝር ለጤና ጣቢያው አስረክቦ መሄድ ምን ይከብዳል?

ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። አንዱን ተኩል የቀነስኩት ለክትትሉና ለጸሎት ድንኳኑ አቀማመጥ ነው።

የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ድረሱ፣ ጋቢ ደርቡ፣ የሱሉልታ ብርድ ቀልድ አያውቅም። የምትወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ ያዙ። ቆሎና ውሃ አይረሳ፣ እዚያ የሚሸጥ ነገር የለም። ደም ብዛት አለባችሁ ከተባላችሁ ደግሞ ክኒኑ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ወረቀቱን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ካርድ አውጡ። የጤና መድን ደብተር ያላችሁ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። አክስቴ እንዲህ አድርጋ አሁን መድኃኒቷን ከዚያው ነው የምትወስደው።