ፒኤምአይ ለድሬ ሳይት ኢንጂነር ያዋጣል ወይ? ከሁለት ዓመት አባልነት በኋላ

ሰሞኑን ሦስት ልጆች በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ላኩልኝ። "ፒኤምአይ አባል መሆን ያዋጣል ወይ?" ሁለቱ ሳይት ኢንጂነሮች ናቸው፣ አንዷ ኦፊስ ኢንጂነር ናት። ለየብቻ ከምመልስላቸው እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ አባል ከሆንኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ፒኤምፒ የሚባለውን የፒኤምአይ የፕሮጀክት ማናጀር ሰርተፊኬትም ተፈትኜ አልፌያለሁ። የምሠራው ድሬዳዋ፣ ሕንፃ ግንባታ ላይ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ሳይት ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው። ቢሮ ውስጥ ሶፍትዌር ለሚሠራ ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለማያውቀው፣ ፒኤምአይ ማለት ፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ የተቋቋመ፣ ፕሮጀክት የሚመሩ ሰዎች የሙያ ማኅበር ነው። የኢንጂነሮች ብቻ አይደለም። የባንኩም፣ የሆስፒታሉም፣ የኮምፒውተሩም ሰው አለበት። አባል ስትሆኑ ፒምቦክ የሚባለውን መመሪያ መጽሐፍ በዲጂታል ታገኛላችሁ፣ ሌሎቹንም ስታንዳርዶች እንዲሁ። ድረ ገጹ ላይ የተዘጋጁ ቅጾች አሉ፣ የተቀረጹ ትምህርቶች አሉ፣ የፈተና ክፍያም ለአባል ይቀንሳል። እንግዲህ ወረቀት ላይ ያለው ይሄ ነው።

ለምን ገባሁ? ዩኒቨርሲቲ ቢም ማስላት ተምሬያለሁ። 80 የቀን ሠራተኛ፣ ሦስት ንዑስ ተቋራጭ፣ አንድ ኮንሰልታንት (ሥራውን የሚቆጣጠር አማካሪ) እና በየሳምንቱ ሐሳቡን የሚቀይር የሕንፃ ባለቤት እንዴት አብሮ እንደሚመራ ግን ማንም አላስተማረኝም። እኛ አገር ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት ሳይት ላይ የቆየ ሰው አንድ ቀን ጠዋት "ከዛሬ ጀምሮ ፕሮጀክት ማናጀር ነሽ" ይባላል። እኔም እንደዚያ ነው የሆንኩት። ሥራውን ከፎርማኖች ነው የለመድኩት፣ ያውም በእነሱ ትዕግሥት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከዚህ ሁሉ ነገር ለእኔ በእውነት የጠቀመኝ አንድ ልማድ ነው። እያንዳንዱ ስጋት ባለቤት፣ ማለትም የሚከታተለው ኃላፊ ሰው፣ ይኑረው የሚል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ያኔ የያዝነው ሕንፃ ከደቻቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም ነበር። ድሬ ያደገ ሰው ደቻቱ ምን እንደሆነ ያውቃል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናቡ የሚዘንበው ግን ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ እየቆጠርን ውሃው ከላይ ይመጣል። በ1998 ክረምት ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ያንን ሌሊት የማያስታውስ የድሬ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ እያወቅን የመጀመሪያው ክረምት ላይ የመሠረት ጉድጓዳችን በአንድ ሌሊት በጭቃ ተሞላ። የታሰረው ፌሮ ጭቃ ለበሰ፣ ፎርምወርኩ (ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ) ተንሳፈፈ፣ ፓምፕ ተከራይተን ሁለት ቀን ውሃ ስናወጣ ዋልን። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ገንዘቡና ጊዜው ግን ሄደ።

በቀጣዩ ዓመት አባል ሆኜ የስጋት መዝገብ የሚለውን ቅጽ አወረድኩ። ቅጹ ራሱ ተራ ሰንጠረዥ ነው። ስጋቱ ምንድን ነው፣ ምን ያህል ያሰጋል፣ መምጣቱን በምን እናውቃለን፣ ሲመጣ ምን እናደርጋለን፣ ኃላፊው ማነው ይላል። "መምጣቱን በምን እናውቃለን" የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዘኝ። በምን እናውቃለን? ፎርማናችንን ጠየቅኩት። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ነው።

"ጋሼ፣ ደቻቱ እንደሚመጣ በምን ይታወቃል?"

"ደንገጎ ከጠቆረ ይመጣል። ጨለማ ከሆነ ደግሞ እዚያ ላለ ሰው መደወል ነው።"

"ታዲያ አምና ለምን አልነገርከኝም?"

"ጠይቀሽኝ አታውቂም እኮ ኢንጂነር።"

እውነቱን ነው፣ ጠይቄው አላውቅም። ደንገጎ ከእኛ በላይ፣ ደጋው ላይ ያለ ቦታ ነው። ዘበኛችን ደንገጎ ሱቅ ያላት እህት አለችው። መዝገቡ ላይ "ምልክት፦ ከደንገጎ ስልክ" ብዬ ጻፍኩ። "ኃላፊ፦ የሌሊት ዘበኛ" አልኩ። ስልኩ ከመጣ ፓምፑና ሚክሰሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሰው አያድርም፣ ሲሚንቶው ከፍ ያለው መጋዘን ይገባል። ወረቀቱን አሳትሜ መጋዘኑ በር ላይ ለጠፍኩት። በዚያ ክረምት ሴትየዋ ሁለት ጊዜ ደወለች። አንዴ ውሃው ሳይደርስ ቀረ፣ አንዴ ደረሰ። የደረሰው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው የደወለችው፣ ዘበኛው ሦስት ልጆች ቀስቅሶ ዕቃውን አወጣ፣ እኔ ጠዋት ስደርስ ጭቃ እንጂ ኪሳራ አልጠበቀኝም። ለዘበኛው የአየር ሰዓት በየወሩ እንዲሞላለት በጀት ውስጥ ያስገባሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ዕውቀቱ ሳይት ላይ ነበረ። ፎርማኑ ጋ ነበረ። ቅጹ ያደረገው እንድጠይቅ ነው። ለእኔ የአባልነቱ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

ስለ ፈተናው ብዙ ስለምትጠይቁ ጥቂት ልበል። ፒኤምፒ ለመፈተን የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው የ36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና የ35 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ልምድ ለሌለው ጀማሪ ካፕም የሚባል ሌላ አለ፣ እሱ ልምድ አይጠይቅም። እኔ የተፈተንኩት 180 ጥያቄ በ230 ደቂቃ ነበር፣ መሃል ላይ ሁለት የ10 ደቂቃ እረፍት አለ። ፈተናው በየጊዜው ስለሚከለስ ከመመዝገባችሁ በፊት ወቅታዊውን እዩ። ማለፊያው ነጥብ ስንት እንደሆነ አይነግሩም፣ በየዘርፉ ከሚጠበቀው በላይ ወይም በታች ብለው ነው ውጤት የሚሰጡት።

ከባዱ እንግሊዝኛው አይደለም። ቀመሩም አይደለም፣ ኢንጂነር ቀመር አይፈራም። ከባዱ የጥያቄው ባሕርይ ነው። "ሁለት የቡድን አባላት ተጣልተዋል፣ ማናጀሩ መጀመሪያ ምን ያድርግ?" ዓይነት ነው። እኛ ሳይት ላይ የለመድነው ቶሎ መወሰን ነው፣ "አንተ እዚያ፣ አንተ እዚህ" ብሎ ሥራ ማስቀጠል። ፈተናው ግን መጀመሪያ ሰዎቹን ስማ፣ ምክንያቱን እወቅ፣ ከዚያ ወስን ይላል። ለመለማመጃ በሠራኋቸው ጥያቄዎች ላይ ለሳምንታት የሳትኩት እዚህ ጋ ነው። በነገራችን ላይ ይህን ከለመድኩ በኋላ ከፌሮ ሠራተኞቹና ከአናጢዎቹ ጋር ያለኝ ነገር ተለውጧል። ጠብ ሲነሳ አሁን መጀመሪያ ሁለቱንም ቁጭ አድርጌ እሰማለሁ። አብዛኛው ጠብ የሥራ ቅደም ተከተል ጠብ ነው፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ስለሚገባ።

ሰርተፊኬቱ ለዘላለም አይደለም። በየሦስት ዓመቱ 60 የትምህርት ነጥብ ሰብስባችሁ ታድሳላችሁ። ድረ ገጹ ላይ ያሉት ትምህርቶች ነጥብ ያስገኛሉ፣ ስለዚህ ለአባል ይሄ ብዙ አያስቸግርም። ኔትወርክ ደህና የሚሆንበትን ሌሊት መምረጥ ነው።

አሁን ወደሚያስከፋው። ክፍያው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጡ ሲመጣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ለአንድ ሳይት ኢንጂነር ደሞዝ ይሄ ቀላል አይደለም። ለእኔ የከፈለችልኝ ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት፣ ብሩን እዚህ ለእናቷ ሰጠሁ። ውጭ ዘመድ የሌለው ሰው ምን ያድርግ የሚለው ያሳስበኛል፣ ጥሩ መልስም የለኝም። ተማሪ ከሆናችሁ ግን የተማሪ አባልነት አለ፣ በጣም ይረክሳል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ይህን አትለፉት።

ሁለተኛ፣ ፒምቦክ ለሁሉም ሙያ የተጻፈ ስለሆነ የእኛን ሥራ ዝርዝር አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሰባተኛ እትም እንዲያውም ከበፊቱ የበለጠ ወደ መርሆ ያዘነበለ ነው፣ 12 መርሆዎች አሉት። ስድስተኛው እትም ላይ ያሉት 49 ሂደቶች ለጀማሪ የበለጠ የሚጨበጡ ይመስሉኛል፣ እኔ ያነበብኩት ሁለቱንም ነው። ግን የትኛውም እትም በድሬ ሙቀት ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) በስንት ሰዓት እንደሚሞላ አይነግራችሁም። የውልን ነገርም በሰፊው አያስተምርም፣ እዚህ ጋ እኔ ተጎድቻለሁ።

ከደቻቱው ሕንፃ በፊት በነበርኩበት ፕሮጀክት አሠሪው ቦታውን በወቅቱ ሳያስረክበን ሁለት ወር ቆመን ነበር። ውላችን እ.ኤ.አ. የ1999 ፊዲክ፣ ማለትም ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ቅጽ ነው። እሱ ላይ ተቋራጩ ጉዳዩን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቀ የጊዜ ማራዘሚያም ተጨማሪ ክፍያም የመጠየቅ መብቱን ያጣል። እኛ በስልክ ተነጋገርን፣ ሻይ እየጠጣን ተግባባን፣ "ችግር የለም" ተባልን። ደብዳቤው የገባው በ41ኛው ቀን ነው። ኮንሰልታንቱ አንቀጹን ጠቅሶ ውድቅ አደረገው። ማን ላይ ትጮኻለህ? አንቀጹ ውሉ ውስጥ ነበር፣ የፈረምነውም እኛ ነን።

ይህን አንቀጽ በደንብ ያስረዳኝ ፒኤምአይ አይደለም። ለፈተናው አብረን ስናጠና የነበርን አራት ሰዎች አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይዋ ስትበርድ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር አንድ ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ እንገናኝ ነበር። አንዱ መንገድ ሥራ ላይ ነው፣ አንዱ ሳቢያን አካባቢ የውሃ መስመር ይሠራል፣ አንዷ ኮንሰልታንት ቢሮ ናት። የ28 ቀኑን ነገር ነጥብ በነጥብ ያሳየችን እሷ ናት። በክሌም (ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜና ክፍያ ሲጠይቅ) ሌላኛው ወገን ላይ ስለምትቀመጥ ደብዳቤ እንዴት እንደሚወድቅ ታውቃለች። የውሃ መስመር ልጁ ደግሞ ኮንክሪት ሌሊት የመሙላት ልምድ አለው። ጠጠሩን ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር አድርጎ ውሃ መርጨት፣ የሚቀላቀለው ውሃ ታንከር ውስጥ በረዶ መጨመር፣ ቴርሞሜትር ይዞ ትኩሱ ኮንክሪት 35 ዲግሪ እንዳያልፍ መጠበቅ። ከእሱ ጋር አንድ ሌሊት ቆሜ አይቻለሁ። እጁን ሚክሰሩ ላይ አድርጎ "አቦ፣ ሞቀ፣ በረዶ ጨምሩ" ሲል ቴርሞሜትሩ 33 ያሳይ ነበር።

ፈተናው ካለቀ በኋላም መገናኘቱን አልተውንም። አሁን ሰባት ሆነናል። እያንዳንዱ ሰው የሳምንቱን አንድ ችግር ይዞ ይመጣል፣ የሰው ስምና የድርጅት ስም አይነሳም፣ ችግሩ ብቻ። ከፒኤምአይ ያመጣነው ቋንቋውን ነው። ስጋት፣ ባለቤት፣ ለውጥ፣ ባለድርሻ ስንል ሁላችንም አንድ ነገር ማለታችን ስለሆነ ወሬው አይንዛዛም። መንገድ ሠሪው የሚለው ለሕንፃ ሠሪዋ ይገባታል። የ28 ቀኑም ነገር ቢሆን አሁን ሳይት ላይ የተፈጠረ ችግር ከምንጽፍበት የጉዳይ መዝገባችን ጋር አንድ ላይ ነው፣ እያንዳንዱ ጉዳይ ጎን የመጨረሻ ቀኑ በቀይ ይጻፋል፣ በ10ኛው ቀን ደብዳቤው ካልወጣ ኦፊስ ኢንጂነሯ እኔን መወትወት ትጀምራለች።

ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ ልጆች። ሰርተፊኬት ብቻ ፈልጋችሁ ከሆነ፣ ማስታወቂያ ላይ "ፒኤምፒ ያለው ይመረጣል" የሚል አይታችሁ ከሆነ፣ ተፈተኑ፣ ይጠቅማል፣ ግን አባልነቱን በየዓመቱ ማደስ ግዴታ አይደለም። ሥራችሁን ለመለወጥ ከሆነ ግን ብቻችሁን አትግቡ። ሁለት ሦስት ሰው ፈልጉ፣ ከተለያየ ወገን ቢሆን ይመረጣል፣ ተቋራጭም ኮንሰልታንትም። ልምድ ከሌላችሁ ካፕሙን እዩ፣ ወይም አንድ ዓመት ቆዩ።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ጀምሩ። ለፒኤምፒ ስታመለክቱ አንዳንዱ ሰው በዕጣ ተመርጦ ልምዱ ይጣራል። ያኔ የጻፋችሁትን ፕሮጀክት አብሯችሁ የሠራ አለቃ ወይም የሥራ ባልደረባ እንዲያረጋግጥላችሁ ትጠየቃላችሁ። እኛ ሳይት ከሳይት ስለምንቀያየር ሰው ይጠፋል፣ ስልክ ይቀየራል። የቀድሞ ፕሮጀክታችሁን ስም፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ወር፣ የአለቃችሁን ስልክና ኢሜይል ዛሬ ማታ አንድ ቦታ ጻፉት። አለቃችሁንም "ጋሼ፣ እንዲህ ልጽፍ ነው" ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።