«ፍጥነታችሁ ገረመኝ¡» ማለቴ ነበር

ከሁለት ወር በፊት እዚህ ደሴ፣ ፒያሳ ላለ አንድ ምሳ ቤት በቴሌግራም አስተያየት ጽፌ ነበር። ይቺ ማረሚያዋ ናት።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ዕለቱ ረቡዕ፣ ወሩ ሐምሌ። የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ማዶ ያለው ሱቅ እንኳ አይታይም። መውጣት ሰነፍኩና ተጋቢኖ አዘዝኩ፣ በ6 ሰዓት። የደረሰው 8 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። እንጀራው ፌስታል ውስጥ አልቦታል፣ ሽሮው ማንኪያ ያቆማል። እኔም በንዴት ጻፍኩ፦ «ፍጥነታችሁ ገረመኝ። ሽሮው አፌን እንዳያቃጥለኝ አብርዳችሁ ስለላካችሁልኝ አመሰግናለሁ።»

ምን ቢመልሱ ጥሩ ነው? ሦስት ቀይ ልብና «አብሽሩ ጋሼ፣ ሁሌም ለእርስዎ!»። ይባስ ብለው አስተያየቴን ከቻናላቸው አናት ላይ ሰቀሉት። እስካሁን ሳስበው፣ ልቡም አሽሙር ይሆን እንዴ እላለሁ።

በሳምንቱ ጎረቤቴ ሻይ ቤት ያላት ሴትዮ መጣች፣ ፊቷ ጠቁሮ። ለእንግዶቿ ምሳ ያዘዘችው የእኔን ምስክርነት አይታ ኖሯል። እንግዶቹ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱበት ሰዓት ደርሶ በዳቦና በሻይ ሸኘቻቸው።

«አሽሙር እኮ ነበር» አልኳት።

«ታዲያ በምኑ ልየው? ፊትህን አላይ፣ ድምፅህን አልሰማ!»

እውነቷን ነው። ቡና ላይ ብሆን «ፍጥነታችሁ» የምትለዋን ጎተት፣ አፌን ጠመም አደርጋታለሁ፤ ቶና ሳይደርስ ሁሉም ስቆ ያልፋል። ቅኔም ቢሆን ሰሚው ወርቁን ሊፈልግ ተዘጋጅቶ ነው የሚቀመጠው። ከምሳ ቤት ምስጋና ውስጥ ግን ማን ወርቅ ይቆፍራል?

ልጄ አማርኛ አስተማሪ ናት። ስነግራት ሳቀችብኝና ትእምርተ ሥላቅ የሚባል ምልክት አሳየችኝ። የተገለበጠ ቃለ አጋኖ ነው፣ ¡ እንዲህ። የስፔን ሰዎች ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ያደርጉታል፤ እኛ ግን መጨረሻ ላይ፣ ለሥላቅ። በካርቱንና በልጆች መጻሕፍት ይገባል አለችኝ። ስንት ዘመን ሳነብ እንዴት እንዳመለጠኝ! የግዕዝ ፊደል በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲገባ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ የራሳቸውን ቦታ አገኙ። ለዚህኛው ግን የስፔኑን መዋስ ነው። በእኔ ስልክ ! የሚለውን ተጭኖ ሲቆዩ ይመጣል። ፈረንጆቹም ችግሩ አልቀረላቸውም። በ1982 ስኮት ፋልማን የሚባል የአሜሪካ የኮምፒውተር መምህር፣ በኮምፒውተር የሚጻጻፉት ቀልድ ቁም ነገር እየመሰለ ቢያስቸግር፣ ቀልድ ሲሆን ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና ቅንፍ አድርጉበት ብሎ ነበር። የጎን ፈገግታ መሆኑ ነው።

ወደ ምሳው ልመለስ፤ አሁን ያለ አሽሙር ነው የምጽፈው። እዚያው ሄዶ ለሚበላ ሽሮው ግሩም ነው። ሸክላው እየተንተከተከ ይቀርባል፣ ነጭ ሽንኩርቱ አይሰስትም፣ በርበሬው ያላብሳል እንጂ አያስለቅስም። እንጀራ ሲጨምሩ ፊታቸው አይጠቁርም። ማድረሻው ነው ጉዱ። ባጃጁ አንድ ብቻ ነው፤ አምስት ስድስት ትእዛዝ ካልሞላ ንቅንቅ አይልም። መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ምሳውን መክሰስ ላይ ይበላታል። ለዚህም 60 ብር ይጨምራል። በዝናብ ቀን አትዘዙ፤ ጃንጥላ ይዛችሁ ሂዱ። እንጀራውን ከሽሮው ለይተው በወረቀት ቢጠቀልሉት ደግሞ ግማሹ ቅሬታዬ ይቀር ነበር።

ትናንት ለፍርድ እንዲመቸኝ ደግሜ አዘዝኩ። 50 ደቂቃ። ሽሮው ለብ ብሏል። ባለ ባጃጁ ልጅ ሒሳቡን ተቀብሎ በሩ ላይ ቆም አለና፣

«ጋሼ፣ ዛሬስ እንዳያመሰግኑን» አለኝ።