ብራይተን ዶም፦ ከፈረስ ጋጣ ወደ ሙዚቃ አዳራሽ

በደቡብ እንግሊዝ በባሕር ዳርቻዋ በብራይተን ከተማ የሚገኘው ብራይተን ዶም ዛሬ የሙዚቃ አዳራሽ ይሁን እንጂ፣ አርክቴክቱ ዊልያም ፖርደን እ.ኤ.አ. ከ1803 እስከ 1808 የሠራው፣ ኋላ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ለሆነው ለዌልስ ልዑል ፈረሶች ማደሪያነት ነበር። በሕንድ ኪነ ሕንፃ አምሳል በታነጸው ክብ ጋጣ 44 ፈረሶች ከመስታወታማው ጉልላት ሥር ዙሪያውን ይታሰሩ ነበር፤ ጠባቂዎቻቸውም ከበላያቸው ባሉት ክፍሎች ያድሩ ነበር።

ጋጣው በ1867 የሙዚቃ አዳራሽ ሆነ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ቁስለኛ የሕንድ ወታደሮች ታክመውበታል። የአሁኑ የውስጥ ገጽታው በ1935 የተጠናቀቀው የሮበርት አትኪንሰን ሥራ ነው። ሥራው የሚያምርና ጥንቃቄ የታከለበት ቢሆንም፣ ኮርኒሱ ጉልላቱን ስለሚጋርደው፣ ከውጭ ያየውን ግርማ ከውስጥ ፈልጎ ያጣ ጎብኚ ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

የእኔን ልብ ይበልጥ የወሰደው ከጎኑ ያለው የቀድሞው የፈረስ ግልቢያ ቤት፣ የዛሬው ኮርን ኤክስቼንጅ ነው። በ2023 ታድሶ ሲከፈት፣ ያለ አንዳች የመካከል ምሰሶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋው የእንጨት ጣሪያና ብርሃን የሚያስገቡት ረጃጅም መስኮቶች ዳግም ለዕይታ በቅተዋል፤ ስለዚህ ለኪነ ሕንፃው ሲል የሚሄድ ሰው በቅድሚያ የዚህን አዳራሽ ትኬት እንዲገዛ እመክራለሁ።