ባትሪ የማትጠይቀኝ ሳጥን፦ ስምንት ወር ከፓሲቭ ዲአይ ጋር

ቤዝ ተጫዋች ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ሠርግ፣ ሐሙስ ማታ ደግሞ ሆቴል እንሠራለን። ከስምንት ወር በፊት ባለ አንድ ቻናል ፓሲቭ (ኃይል የማትፈልግ) ዲአይ ቦክስ ገዛሁ፤ የመሣሪያን ድምፅ ወደ ሚክሰር የምታስገባ ትንሽ ሳጥን ናት። እስከዚያ ድረስ አዳራሹ ያለውን ነበር የምጠቀመው። ከሌለው ጃኩን ቀጥታ ሚክሰር ላይ ሰክቶ መጫወት ነው።

ውስጧ ብዙ ነገር የለም። ዋናው ትራንስፎርመሯ ነው። የሰፈሩን እንዳታስቡ፤ ይቺኛዋ አውራ ጣት ብታክል ነው፣ ስትፈነዳም አላየሁም። የጊታሩን ሲግናል በማይክ ኬብል መሄድ እንዲችል አድርጋ ትቀይረዋለች። የጊታር ኬብል ከ6 ሜትር ገደማ ካለፈ ድምፁ መደብዘዝና ሁካታ መልቀም ይጀምራል። በማይክ ኬብሉ (ኤክስኤልአር) ግን ሚክሰሩ 30 ሜትር ቢርቅም ችግር የለም። ባትሪ አትፈልግ፣ ፋንተም ፓወር (ከሚክሰሩ በማይክ ኬብል የሚላክ ኃይል) አትፈልግ።

ዋጋዋን የመለሰችው ጥር ላይ ነው። ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰዋል። መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተር ተነሳ፣ ከስፒከሩ "እምምምም" የሚል ነገር መጣ። ሳውንድ ማኑ "ማነው እሱ?" እያለ ቻናሎቹን አንድ በአንድ ዘጋ። የኔን ሲዘጋ ጸጥ አለ። ጎንበስ ብዬ ግራውንድ ሊፍት የምትለዋን ቁልፍ በእስክሪብቶ ጫፍ ተጫንኳት። ቻናሉን ሲከፍተው ቤዙ ብቻ ቀረ።

"ምን አድርገህ ነው?"
"ቁልፍ ነካሁ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አምፔ ከመድረኩ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ከአዳራሹ ማዶ ተሰክቷል። ሁለቱን ኬብል ሲያገናኛቸው በግራውንዱ በኩል ክብ ይሠራሉ፣ የመብራቱም 50 ኸርዝ በዚያ ይገባል። ትራንስፎርመሯ ድምፁን የምታሳልፈው በማግኔት ነው፤ ቁልፏ ደግሞ የኬብሉን ግራውንድ ትቆርጣለች። ድሮ እኛ የምናደርገው የአምፑን ሶኬት ግራውንድ መንቀል ነበር። እባካችሁ ተዉት፤ ኤሌክትሪክ ሰው ሊይዝ ይችላል። ዘፋኙ ከንፈሩን ማይክ ላይ አድርጎ ነው የሚቆመው።

አሁን ወደማልወደው ልምጣ። ሁለት ቤዝ አለኝ። ባትሪ ያለው አክቲቩ ላይ ምንም እንከን አላገኘሁባትም። አሮጌው ፓሲቭ ቤዜ ላይ ግን ጥራቱን፣ ያቺን የጣት ቅጭልታ፣ ትበላዋለች። የጥሩ ፓሲቭ ዲአይ የመግቢያ ኢምፒዳንስ (ለሚገባው ሲግናል ያላት ተቃውሞ፤ ሲያንስ ጫናው ይበዛል) ወደ 140 ኪሎ ኦም ነው፤ የአምፕ መግቢያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 1 ሜጋ ኦም። የክሩን ንዝረት ወደ ሲግናል የሚቀይረው ፒክአፕ ከበደው ማለት ነው። ለሁለት ወር ክሮቹን ስወቅስ ከረምኩ፤ እንዲያውም አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ! መፍትሔው ባፈር (ሲግናሉን የሚያጠነክር ሰርኪት) ያለው የመቃኛ ፔዳል ከፊቷ ማስቀመጥ ሆነ። ትሩ ባይፓስ የሆነው (ሲጠፋ ሲግናሉን እንዳለ የሚያሳልፈው) አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ። ፒዬዞ (ድልድዩ ሥር የሚቀመጥ ፒክአፕ) ብቻ ያለው፣ ፕሪአምፕ (የራሱ ማጉያ) የሌለው አኩስቲክ ጊታር ከያዛችሁማ ፓሲቭ አትግዙ፤ ድምፁ ቀጭን ይሆናል።

ሌላው፣ ሲግናሉ ወደ 20 ዲሲቤል ስለሚወርድ ሚክሰሩ ላይ ጌይን (የመግቢያውን ማጉያ) መጨመር ግድ ነው። ያረጀ ሚክሰር ላይ ሽሽታ ይሰማል። ቤት ስቀዳ ደግሞ አላወጣትም፤ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ኢንተርፌስ የራሱ የጊታር መግቢያ አለው።

ሁለቴ ከመድረክ ወድቃለች፣ ጥግዋ ተላጠ እንጂ ሌላ አልሆነችም። አሁን የሚያስቸግረኝ ኪቦርዲስታችን ነው። የኪቦርድ ጠንካራ ድምፅ በፓዷ (በሲግናል መቀነሻ ቁልፏ) ሲቀነስ በጣም ተመችቶት፣ ሐሙስ ሐሙስ ከኔ ቀድሞ ይሰካታል። ስሜን በቴፕ ለጥፌባታለሁ። ለስቴሪዮ ሁለት ያስፈልገዋል፣ ራሱ ይግዛ።