የልጆች የቀለም አፕ ስትመርጡ፦ የትኛው ያስተምራል፣ የትኛው ያጨበጭባል?

አፕ መደብር ገብታችሁ «ቀለም ለልጆች» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣው ዝርዝር ማለቂያ የለውም። ሁሉም ፊኛ አለው። ሁሉም ያጨበጭባል። ሁሉም ኮከብ በኮከብ ነው። ፎቶውን አይቶ መምረጥ ከባድ ነው፤ ፎቶው ጌጡን እንጂ አስተማሪነቱን አያሳይም።

ስለዚህ ስም እየጠራሁ ከማወዳደሬ በፊት የምለካበትን ልንገራችሁ። ሁለት ጥያቄ ነው።

አንደኛ፣ አፑ የሚያስተምረው ቀለሙን ነው ወይስ ሥዕሉን? ብዙዎቹ ቀይ ሲሉ ፖም፣ ቢጫ ሲሉ ሙዝ፣ አረንጓዴ ሲሉ ቅጠል ያመጣሉ። ሁልጊዜ። ልጁ «ቢጫው የቱ ነው?» ሲባል ሙዙን ይነካል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። ቢጫ ካልሲ ስታሳዩት ግን ዝም። ልጁ የያዘው ሙዙን ነዋ! ጥሩ አፕ ያንኑ አንድ መኪና ቀይ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቢጫ አድርጎ ያሳያል። ቀጥሎ ደግሞ ቀይ መኪና፣ ቀይ ኮፍያ፣ ቀይ ወፍ ይደረድራል። ልጁ ቀለሙን ከዕቃው ነጥሎ የሚያየው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ሁለተኛ፣ ስሙን ይጠይቃል ወይስ ማዛመድ ብቻ ነው? ሕፃናት ገና በአራት ወራቸው አካባቢ ቀለሞችን በዓይናቸው ይለያሉ። የሚቸግራቸው ስሙን ከቀለሙ ጋር ማገናኘቱ ነው። ብዙዎቹ ይህን አስተካክለው የሚይዙት በሦስትና በአራት ዓመታቸው መካከል ነው። «ቀዩን ኳስ ቀዩ ቅርጫት ውስጥ ክተት» የሚለውን ጨዋታ አንድም የቀለም ስም የማያውቅ ልጅ ሳይቸገር ይጨርሰዋል፤ ኳሱና ቅርጫቱ ሲመሳሰሉ ያያል፣ በቃ። ጨዋታው መጥፎ አይደለም። ግን ወላጅ «ልጄ ቀለም ጨረሰ» ብሎ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የሚፈለገው ድምፁ «ሰማያዊ» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ፣ ፍንጭ የሚሆን ቀለም አጠገቡ የማያሳይ ጨዋታ ነው።

ሦስተኛ ነገር ልጨምር፤ ይኼኛው አፑን እንደከፈታችሁ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይታያል። ሆን ብላችሁ ተሳሳቱ። አረንጓዴውን ፊኛ ንካ ሲላችሁ ቀዩን ንኩ። አንዳንዱ አፕ ሲሳሳቱ «ቧ!» የሚል አስቂኝ ድምፅ ያሰማል፣ ፊኛው ተንቀጥቅጦ ፊቱን ያጣምማል። ትክክል ሲነኩ ደግሞ ደረቅ «ጎበዝ» ብቻ። የሦስት ዓመት ልጅ የቱን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም፤ ቀኑን ሙሉ እየሳቀ ሲሳሳት ይውላል። ሌላው ደግሞ ምንም አይልም፤ ልጁ በአምስት ጣቱ ስክሪኑን እየደበደበ ትክክለኛው ላይ እስኪደርስ ይጠብቀዋል። ከዚያ ኮከብ ይሸልመዋል። ደህና አፕ ስህተቱን ስሙን ጠርቶ ያርማል፦ «ይሄ ቀይ ነው፤ አረንጓዴውን ፈልግ» ብሎ ጥያቄውን ይደግማል። ይህን የሚያደርግ ስታገኙ አትልቀቁት።

አሁን ወደ ስሞቹ።

ካን አካዳሚ ኪድስ፣ ጂኮምፕሪ እና የአርቪ አፕስቱዲዮስ «ከለርስ ኤንድ ሼፕስ»። ሦስቱም ነፃ ናቸው፣ ሦስቱም ማስታወቂያ የላቸውም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ማስታወቂያ ያለበት የልጅ አፕ ላይ ልጁ ቀዩን ፊኛ ልነካ ብሎ ቀይ «አሁን ጫን» የሚል ማስታወቂያ ውስጥ ይገባል። ቀይ ነዋ፣ ምን ያድርግ!

ካን አካዳሚ ኪድስ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ። ኮዲ የምትባል ድብ ልጁን እያስከተለች ከፊደል ወደ ቁጥር፣ ከቁጥር ወደ ታሪክ ትወስደዋለች። በሥራው ጥራት ከሦስቱ አንደኛ የምለው እሱን ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ አይቸኩልም፣ ልጁን አያጣድፍም። ችግሩ ቀለም ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ አለመቀመጡ ነው። በሌላው ትምህርት መሃል ተበትኖ ይመጣል፤ ዛሬ በመለየት ጨዋታ፣ ነገ በቅብ። «ይህን ሳምንት ቀለም ብቻ» ለሚል ወላጅ ፍለጋው ያደክማል። ደግሞ ለመጀመር በወላጅ ኢሜይል አካውንት መክፈት ያስፈልጋል። አንድ አፕ ብቻ ጭኖ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ማቆየት ለሚፈልግ ግን ሌላ ፍለጋ አያስፈልገውም።

ጂኮምፕሪ የተለየ ፍጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ክፍት ሶፍትዌር ነው። በአንድሮይድ፣ በዊንዶውስ፣ በሊነክስ ይሠራል፤ ያረጀች ላፕቶፕም አታስቸግረውም። አካውንት አይጠይቅም። መልኩ ያረጀ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ከ100 በላይ ጨዋታዎች በትንንሽ ምልክት ተደርድረው ልጁ መግቢያው ይጠፋዋል፤ እናንተ ከፍታችሁ መስጠት አለባችሁ። ግን የቀለም ጨዋታውን ተመልከቱት። ስክሪኑ ላይ ዳክዬዎች ይቀርባሉ። ሁሉም ዳክዬ ናቸው፤ የሚለያዩት በቀለም ብቻ ነው። ድምፁ የአንዱን ቀለም ስም ጠርቶ ፈልግ ይላል። አለቀ። ፖም የለ፣ ሙዝ የለ፣ ልጁ ሊደገፍበት የሚችል ምንም ነገር የለም። ከላይ ያስቀመጥኳቸውን ሁለቱንም ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ያለፈ ይሄ ነው። ከፍ ላለው ልጅ ደግሞ ቢራቢሮዎች ያሉበት ከባድ ደረጃ አለው፤ ስማቸውን አዋቂውም የሚጠራጠርባቸው ቀለሞች ይመጣሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የድምፅ ፋይሎቹ ለብቻ ይወርዳሉ። ኢንተርኔት ባለበት አስቀድማችሁ ካላወረዳችሁ ዳክዬዎቹ ዝም ብለው ይቆማሉ፣ ልጁም ዝም ብሎ ያያቸዋል።

የአርቪው «ከለርስ ኤንድ ሼፕስ» ከሦስቱ ለትንሽ ልጅ በጣም የሚቀለው ነው። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ራሱ ይዞት ይሄዳል። መቀባት፣ መስመር ተከትሎ መሳል፣ ማዛመድ አለው። ከስሙ እንደሚታየው ግን ቀለምና ቅርጽ አብረው ናቸው። እዚህ ላይ ነው የምጠራጠረው፤ ልጁ ክብ ከክብ ጋር ሲያዛምድ ቀለሙን ልብ ላይለው ይችላል። ጣትን ለማለማመድ፣ ልጁን ከስክሪን ጋር ለማላመድ ጥሩ ነው። የቀለም ስም አስተማሪ አድርጌ ግን ብቻውን አልተማመንበትም።

የሚከፈልባቸውስ? ኤቢሲማውስ እና ሊንጎኪድስ ታዋቂዎቹ ናቸው፤ ሁለቱም ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ነን ይላሉ። ሊንጎኪድስ የተወሰነ ክፍሉ በነፃ ይታያል፣ ሌላው በክፍያ ነው፤ እንግሊዝኛ ለማስለመድ ለሚፈልግ ቤተሰብ ዘፈኖቹ ይረዳሉ። ኤቢሲማውስ ትልቅ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ለቀለም ብቻ ብሎ በየወሩ መክፈል ግን ለአንድ ጉርሻ ድግስ መደገስ ነው። ቀለም በጥቂት ወራት የሚያልቅ ትምህርት ነው፤ ክፍያው ግን ካላስቆማችሁት አያልቅም። ይህ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የኤቢሲማውስን ባለቤት ድርጅት አባልነት ማቋረጥን አስቸጋሪ አድርጓል፣ የክፍያውን መታደስም በግልጽ አልተናገረም ብሎ ከሶት፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የትኛውንም የሚከፈልበት አፕ «የነፃ ሙከራ» ስትጀምሩ ማቋረጫው የት እንዳለ በዚያው ሰዓት ፈልጋችሁ እዩት። አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

የመቀቢያ አፖችን ባጭሩ ልለፋቸው። ልጅ ይወዳቸዋል፣ ጊዜ ያሳልፋሉ። ብዙዎቹ ግን የቀለሙን ስም አይናገሩም። ቀለም ሲነካ ስሙን የሚጠራ ካገኛችሁ ያዙት፤ ካልሆነ ወረቀትና እርሳስ ቀለም ይሻላል።

ስለ ቀለም ማደባለቅ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ወላጆችን ግራ የሚያጋባ ነገር ስላለ። አንዳንድ አፕ ቀይና አረንጓዴን አደባልቆ ቢጫ ያወጣል። ልጁ በውሃ ቀለም ይሞክረዋል፤ ጭቃ የመሰለ ቡናማ ይወጣለታል። አፑ አልዋሸም። ብርሃን ሲደባለቅና ቅብ ሲደባለቅ ውጤቱ ይለያያል፤ ስክሪን የሚሠራው በብርሃን ነው። ጂኮምፕሪ ሁለቱን ለየብቻ ጨዋታ አድርጎ አስቀምጧቸዋል፣ አንዱ የቅብ፣ አንዱ የብርሃን። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የብርሃኑን አትክፈቱለት። የቅቡን ከፍታችሁ እዚያው በእውነተኛ ቀለም ድገሙት።

አሁን ደግሞ የቋንቋው ነገር አለ። እነዚህ አፖች በብዛት የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው። ቤት ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ከሆነ ድምፁን ዘግታችሁ ራሳችሁ ብትጠይቁ ያዋጣል፤ ዳክዬዎቹ ለዚህ በጣም ይመቻሉ። ስትጠይቁ የቃሉ ቅደም ተከተልም ለውጥ ያመጣል። ማይክል ራምስካርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት የሁለት ዓመት ልጆች የዕቃው ስም ቀድሞ ቀለሙ ሲከተል የቀለም ስም የተሻለ ይዘዋል። ጥናቱ የተሠራው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡ ግን ለኛም ይሠራል። «ቀዩን ኳስ አምጣ» ከማለት «ኳሱን አየኸው? ኳሱ ቀይ ነው» ማለት። ልጁ መጀመሪያ ዓይኑን ኳሱ ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ ስለ ኳሱ የሚባለውን ይሰማል። አፕ ስትመርጡም ዓረፍተ ነገሩን አዳምጡት።

ዕድሜውስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ስክሪን ላይ ያዩትን ወደ እውነተኛው ዕቃ ማሻገር ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ለሁለት ዓመት ልጅ የትኛውንም አፕ ብትመርጡ አጠገቡ ካልተቀመጣችሁ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ዳክዬው ሰማያዊ ሲሆን ተነስታችሁ ሰማያዊ ነገር ከቤት አምጡ። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት ስልኩን ራሱን እዩት። ማታ ማታ ስክሪኑን ሞቅ ወዳለ ቢጫ የሚቀይረው ናይት ላይት ወይም የዓይን መከላከያ በርቶ ከሆነ ነጩ ቢጫ ይሆናል፣ ሰማያዊውም ይደበዝዛል። የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ስክሪኑን ጭራሽ ግራጫ የሚያደርግ ስልክም አለ። ልጁ «ነጩ የቱ ነው?» ተብሎ ግራ ሲጋባ ጥፋቱ የስልኩ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም አጥፉ። አይፎን ላይ ጋይድድ አክሰስን፣ አንድሮይድ ላይ ደግሞ አፕ መሰካትን አብሩ፤ ልጁ ከአፑ ወጥቶ ለአለቃችሁ መልእክት እንዳይልክ።

እኔን ብትጠይቁኝ ምርጫዬ እንዲህ ነው። ቀለም ገና ለሚጀምር የሦስት ዓመት ልጅ የጂኮምፕሪን ዳክዬ፣ እናንተ ከፍታችሁ፣ እናንተ እየጠየቃችሁ። አይፓድ ብቻ ላለው ወይም አፕ መለዋወጥ ለማይወድ ካን አካዳሚ ኪድስ። ልጁ ገና ስክሪን መንካት የሚለማመድ ከሆነ የአርቪው ይቀድማል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ዳክዬው ይሻገራል። የሚከፈልበትን ንባብና ሒሳብ አብሮ ለሚፈልግ እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ከአፕ ምርጫ ውጪ ነው። ሌሎቹን ቀለሞች በሚገባ የያዘ ልጅ አምስት ዓመት ሞልቶትም ቀይና አረንጓዴን ወይም አረንጓዴና ቡናማን ደጋግሞ የሚያምታታ ከሆነ፣ አፕ አትቀያይሩበት። ቀለም የመለየት ችግር በብዛት በዘር የሚተላለፍ ሲሆን በወንዶች ላይ በጣም ይበዛል፤ የሰሜን አውሮፓ ዘር ካላቸው ወንዶች ከ12ቱ 1 ገደማ፣ ከሴቶቹ ደግሞ ከ200ው 1 ገደማ አለባቸው፣ በሌሎች ብዙ ሕዝቦች ዘንድ ያንሳል። ልጁ ሰነፍ ወይም ዝንጉ ሆኖ አይደለም። የስልክ ስክሪን ላይ የሚደረግ «ምርመራ» አይታመንም፣ የስክሪኖች ቀለም አንዱ ከሌላው ስለሚለይ። የዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፣ ምርመራው አያምም፣ ጊዜም አይወስድም።