መድኃኒት ሳትሰጠን ማሙሽን ያስተኛችልን ሲስተር

ይህን የምጽፈው በአንድ አውራ ጣት ነው። ግራ ክንዴ ላይ ማሙሽ በሆዱ ተጋድሟል። ጉንጩ ክርኔ ጋ፣ እግሮቹ በግራና በቀኝ ተንጠልጥለው። ከማታው 2 ሰዓት ሆኗል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከሁለት ወር በፊት በዚህ ሰዓት በበራችን ያለፈ ሰው ለቅሶ ቤት ሊመስለው ይችል ነበር።

ምስጋናዬ ለአንዲት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። «ሥራዬ ነው፣ ምን ያስጽፍሃል?» አለችኝ። ስለዚህ ሁላችንም እንደምንጠራት ሲስተር እላታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ማሙሽ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ሲል ነው። ቀን ቀን ሰላም ነው። ይጠባል፣ ይተኛል፣ ትንሽ ያቀረሻል፣ መልሶ ይተኛል። ልክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ግን ፊቱ ቲማቲም ይመስላል። ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ቡጢውን ይጨብጣል፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ከዚያ ያንን ጩኸት ይለቀዋል። እስከ ማታው 4 ሰዓት። ሲብስበት እስከ 5። ጡት ሲሰጡት ሁለቴ ስቦ ይተወዋል። ሲያቅፉት ይንፈራገጣል። ሲያስተኙት ጭራሽ ይብሰዋል።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም። በሳምንት ውስጥ ምክር ይዞ ያልመጣ ጎረቤት የለም። አንዷ «ዓይን ነክቶት ነው» አለች። ሌላዋ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጡ ሰው አውቃለሁ» አለች። ይህን እንኳ አማቴም አልተቀበሉትም። ሦስተኛዋ ባለቤቴን ሽሮም፣ ምስርም፣ ጎመንም ከለከለቻት። አራሷ በገንፎና በአጥሚት ብቻ ቀረች። አማቴ በበኩላቸው ከደብረ ብርሃን ይዘውት የመጡትን ጤና አዳም በውሃ ዘፍዝፈው በማንኪያ ሊሰጡት ተሰናዱ። እኔ የተማርኩት ሰውዬ ደግሞ ፋርማሲ ሄጄ ግራይፕ ዋተር የሚሉትን ለሕፃናት የሆድ ቁርጠት የሚሸጥ ፈሳሽ ገዛሁ።

አንድ የግል ክሊኒክም ወስደነዋል። ስሙን ተዉት። ሁለት ሰዓት ጠብቀን ሁለት ደቂቃ ታየን። የልጁ ልብስ እንኳ አልወለቀም። «ጋዝ ነው» ተባለ፣ ጠብታ ታዘዘ፣ ከፍለን ወጣን። ያን ዕለት ማታም ከ12 እስከ 4 አለቀሰ።

ሲስተር የመጣችው አንድ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ነው። እኛ አልጠራናትም። የሕንጻውን ቤቶች በየተራ እየዞረች ነበር። ማሙሽ የዚያን ቀን ቀደም ብሎ ጀምሯል። በሩን ስከፍት ደረጃ የወጣችበትን ትንፋሽ እየሰበሰበች «ከሁለተኛ ፎቅ ጀምሮ ስሰማው ነበር» አለችኝ። ዕድሜዋ ከታናሽ እህቴ አይበልጥም። ባለቤቴን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ሳመቻት፣ እጇን በሳሙና ታጠበች። አማቴ ቡና ላፍላ ሲሉ «መጀመሪያ ጌታውን ልየው፣ እማማ» አለች።

ልብሱን ሙሉ በሙሉ አወለቀችው። ሙቀቱን ለካች። እስኪረጋጋ ጠብቃ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። ሆዱን፣ እምብርቱን፣ ብሽሽቱን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ የእጅና የእግር ጣቶቹን አንድ በአንድ እየፈታች አየች። ምን እየፈለገች እንደሆነ ጠየቅኳት። አንዳንዴ የእናት ፀጉር ጣቱ ላይ ተጠምጥሞ ሕፃኑን ሲያስለቅስ ይውላል፣ ማንም አያየውም አለችኝ። እኔ በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። በቀን ስንት ዳይፐር ያርሳል? ሰገራው ምን ይመስላል? የሚያስታውከው ነገር አረንጓዴ ሆኖ ያውቃል? ካርዱን ተቀብላ ሲወለድ የነበረውን ክብደት ክሊኒኩ ከጻፈው ጋር አስተያየችው። በደንብ ጨምሯል። «ይህ ልጅ አልታመመም» አለች። ባለቤቴ ያኔ ማልቀስ ጀመረች። ያን ሁሉ ቀን ያፈነችው ነበር መሰለኝ።

ሲስተር ዝም ብላ እንድታለቅስ ተወቻት። ቆይታ «በይ አሁን አጥቢው፣ እኔ ልይ» አለች። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። እስኪጨርስ ሳትነሳ አየች። ለእኔ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ምክር የሰጠን ሰው ሁሉ፣ ሐኪሙን ጨምሮ፣ ልጁ ሲጠባ አላየውም።

ያየችውን ነገረችን። ማሙሽ የሚይዘው ጫፉን ብቻ ነው። ሲስብ «ጧ፣ ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እኛ ጎበዝ ጠቢ መስሎን ስንደሰትበት የነበረው ድምፅ አየር የሚገባበት ኖሯል። ባለቤቴ ደግሞ በየአምስት ደቂቃው ጡት ትቀይርለታለች። ሲስተር ሕፃኑን ሆድ ለሆድ አስጠጋችላት። አፉን በሰፊው እስኪከፍት እንድትጠብቅ፣ አገጩ ጡቷን እንዲነካ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ እንዲገለበጥ፣ ከጫፉ ዙሪያ ያለውን ጥቁሩንም ጭምር እንዲጎርስ አሳየቻት። አንዱን ጡት ራሱ እስኪለቅ ሳይጨርስ ወደ ሌላው እንዳትወስደው ነገረቻት። በአራተኛው ሙከራ ጧ ጧው ጠፋ። መዋጡ ብቻ ይሰማ ነበር።

ሲጨርስ ለእኔ ሰጠችኝ። ትከሻዬ ላይ ቀጥ አድርጌ፣ ጀርባውን በመዳፌ እያሻሸሁ እንዳስገሳው። ሳይመጣ ሲቀር «አትቸኩል፣ አውቶቡስ አይደለም» አለችኝ። መጣ። የዚያን ያህል ግሳት ከዚያች ሆድ ይወጣል ብዬ አልገመትኩም።

ክንድ ላይ ማጋደምንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። በሆዱ፣ ጭንቅላቱ ክርን ጋ ተደግፎ፣ የሌላው እጅ መዳፍ ጀርባው ላይ። እንዲህ ይዞ ቤት ውስጥ መንጎራደድ። ሲያሰኝ ደግሞ በጀርባው አስተኝቶ ሆዱን በሞቀ እጅ፣ ሰዓት እንደሚዞረው እየዞሩ ቀስ አድርጎ ማሸት፤ እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ ማንቀሳቀስ። ለብ ያለ ውሃ ማጠብ፣ ደረት ለደረት ማቀፍ። እንቅልፍ ሲወስደው ግን ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛል። ክንድ ላይ በሆዱ መጋደም የሚቻለው እኔ ነቅቼ እስከያዝኩት ድረስ ነው። «የአማቴን እሹሩሩስ?» አልኳት በቀልድ። «እሱማ ከሁሉ ይበልጣል» አለች። አማቴ ለሳምንት ያህል ቀና ብለው ሄዱ።

ከሁሉ የወደድኩላት ጤና አዳሙን ያስቀረችበት መንገድ ነው። አልተቆጣችም፣ «ኋላ ቀር» የሚል ነገር አልወጣትም። «እማማ፣ ይህን የመሰለ ጤና አዳም ለእሱ አይባክንም፤ ለቡናዬ ያድርጉልኝ» አለች። ሁላችንም ሳቅን፣ ቡናው ተፈላ። ስትጠጣ ግን ነገሩን በግልጽ ተናገረች። እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውሃም፣ የአብሽ ውሃም፣ ስኳርም፣ ቅቤም ወደ አፉ አይገባም፤ ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር። የእኔን ግራይፕ ዋተርም አየችው። መደርደሪያው ላይ መልሳ «ይህንንም ለቡናዬ አላደርገውም» አለች። ሽሮውንና ምስሩን ለባለቤቴ ፈቀደችላት። እናት ጥሩ መብላት አለባት፣ ሳይጣራ ሁሉን መከልከል እሷን ያዳክማል እንጂ እሱን አይጠቅመውም አለች።

ተአምር አልሸጠችልንም። እንዲህ ያለው ለቅሶ ከአምስት ሕፃናት አንዱን ገደማ ያገኘዋል አለች። በደህና ሕፃን ላይ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ ሲሆን ቁርጠት ይሉታል። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ቁርጥ ብሎ አልታወቀም። ሆዱ ስለተነፋ ብቻ አይደለም የሚያለቅሰው፤ እያለቀሰም አየር ስለሚውጥ ይነፋል። «ስድስተኛው ሳምንት ላይ ሊብስባችሁ ይችላል፣ እንዳትደነግጡ። ሦስት አራት ወር ሲሆነው ራሱ ይተወዋል።»

ልትወጣ ስትል ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሜ፣ አንተስ ትተኛለህ?» አለችኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ሌሊት የሆነውን ነገርኳት። ማሙሽ እየጮኸ እጄ ሲጠብቅበት ተሰምቶኝ ራሴን ፈርቼው ነበር። አልገረማትም፣ አልፈረደችብኝም። «እንዲያ ሲሰማህ አልጋው ላይ በጀርባው አስተኝተህ፣ በሩን ገርበብ አድርገህ፣ በረንዳ ላይ አሥር ደቂቃ ቁም። አልቅሶ አይሞትም። የሚጎዳው ከተናወጠ ነው» አለች። ሕፃንን መነቅነቅ አንጎሉን ሊያደማ እንደሚችል ያኔ ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በረንዳ ላይ ቆሜያለሁ። ይህንን አባቶች እንዲያነቡት ብዬ ነው የጻፍኩት እንጂ ለመጻፍ ደስ አይልም።

ወረቀት ላይም ጽፋልን ፍሪጅ ላይ ለጠፍነው። ሙቀቱ 37.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ መጥባት እንቢ ካለ፣ አረንጓዴ ካስታወከ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ከፈዘዘ ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሌሊትም ይሁን ቀን ወደ ሆስፒታል። እሷን መጠበቅ የለም።

ለቅሶው በማግስቱ አልቆመም። በሳምንቱ ግን አራት ሰዓት ሙሉ ይቆይ የነበረው ወደ ሁለት ሰዓት ያህል አጠረ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ እንዳለችው ባሰበት። ክርስትናው በ40ኛው ቀን ስለዋለ ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት አናጋው። ያኔ ግን እኔም ባለቤቴም አልተረበሽንም፤ ተነግሮን ነበራ። ለ45 ቀን ክትባቱ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ሲስተር እዚያ አገኘችን፤ መመዘኛው ላይ ስታየው ከእኛ ይልቅ እሷ ተደሰተች። አሁን ሦስት ወር አልፎታል።

እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል ለምትሉ፦ ወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና የእናንተን ብሎክ ወይም ሰፈር የያዘችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማን እንደሆነች ጠይቁ። አገልግሎቱ በነፃ ነው። እኔ ራሴ እነዚህ ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ቅጽ የሚሞሉ ብቻ ይመስሉኝ ነበር፤ ሁለቴ «ዛሬ አይመቸንም» ብዬ በር ላይ መልሻቸዋለሁ። አፍሬያለሁ። አንድ ቅሬታ አለኝ፣ በእሷ ላይ ግን አይደለም። የያዘችው ቤት ብዙ ነው፣ የምትሄደው በእግሯ ነው፣ ሊፍት የለም። በመጀመሪያው ቀን ላታገኟት ትችላላችሁ። ስልካችሁን ትታችሁ ሂዱ፤ የእኛዋ ሳትደውል የቀረችበት ጊዜ የለም።

ብር በፖስታ ልሰጣት ሞክሬ ተቆጥታኛለች። ስለዚህ ሲስተር፣ ይህንን ካነበብሽው፦ አማቴ ሳይሄዱ በፊት ጤና አዳሙን በረንዳ ላይ ተክለውታል። ይዟል። ቅዳሜ ቡና አለ።