ለሐረሩ አስጎብኚያችን ምስጋና

ሐረር ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ባለፈው ሳምንት ቤተሰቤን ይዤ ጀጎል ገብቼ ነበር። ያስጎበኙን ጋሼ (ስሜን እንዳትጽፍ ስላሉኝ ነው) ከጠዋት እስከ ምሳ ሳይሰለቹ አዞሩን። እግዜር ይስጥልኝ።

ከዓመታት በፊት ብቻዬን ስሄድ አንዱ መንገድ ላይ ይዞኝ "ራምቦ ቤት" አስገባኝ። "ፈረንሳዊው ገጣሚ የኖረው እዚህ ነው" አለኝ። በሃያ ደቂቃ ጨርሶ፣ ብሩን ተቀብሎ እብስ አለ። እኔም ለስንት ሰው ያንኑ ሳወራ ኖሬያለሁ!

ጋሼ ገና ደጃፉ ላይ አስቆሙን። "ልጄ፣ እስቲ ቁጠር። ራምቦ ሐረር የገባው በፈረንጅ 1880 ነው። በ1891 ጉልበቱን ታሞ በቃሬዛ ወጣ፣ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ ሞተ። ይሄ ቤት የተሠራው ከሱ በኋላ ነው። ያሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው።" ደግሞ ራምቦም ቢሆን እዚህ የመጣው ቡናና ቆዳ ሊነግድ እንጂ ግጥም ሊጽፍ አልነበረም። አንዱ ነጋዴ ቤቱን ሠራ፣ ሌላው ነጋዴ ስሙን ወሰደ።

ዳግማዊ ምኒልክ በፈረንጅ 1887 ሐረርን ከያዙ በኋላ የሕንድ ነጋዴዎች መጥተው ሰፈሩ። የቤት አሠራራቸውንም ይዘው መጡ፦ ፎቅ፣ የእንጨት በረንዳ። ልዩነቱ እንዲገባን ጋሼ መጀመሪያ የሐረሪ ቤት ወስደውን ነበር። እዚያ ውበቱ ሁሉ ውስጥ ነው፤ ከውጭ ግንብ ብቻ ነው የሚታየው፣ ገባ ሲሉ ግን አምስቱ መደብ ከፍና ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። የነጋዴው ቤት ግን ከሩቅ እዩኝ ይላል።

ፎቁ ላይ ስንወጣ ጣሪያው በቀለም ያጌጠ ነው። መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስታወት ናቸው። ጋሼ ትንሿን ልጄን አንዱ መስኮት ስር አቆሟትና "እጅሽን ዘርጊ" አሏት። ቀይ ብርሃን መዳፏ ላይ አረፈ። "አባዬ፣ ሂና!" ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ከዚያ መስኮት ማን ያላቅቃት። ጋሼም አላጣደፏትም፣ ግድግዳውን ተደግፈው ጠበቋት።

ጎረቤት ያለው የራስ ተፈሪ ቤትም የሕንድ ነጋዴ ሥራ ነው ይባላል። አሁን የቅርስ ሰብሳቢው የአብዱላሂ ሸሪፍ ስብስብ የሚታይበት ሙዚየም ሆኗል። እሱን ለራሳችሁ ልተወው።

ዋጋቸውን መጀመሪያውኑ ተናግረዋል፣ መጨረሻ ላይ አልጨመሩም። መኪና ግርግር ስንደርስም ልብስ ሰፊዎቹን እያሳዩን አለፍን እንጂ "ከዚህ ግዙ" ብለው ሱቅ አልጎተቱንም። አንድ ነገር ብቻ፦ አካሄዳቸው ፈጣን ነው፣ ሲሊፐር አድርጋችሁ እንዳትሄዱ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ቀጠሮው ግን ጠዋት ይሁን። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ናቸው።